ለጌጥ ያልሆነው ሲንቄ

ሮቤ፣ መጋቢት 3። ከሳነቴ ደጋ በኩል ጉም ወርዶ ያካፋል። ቤት ያለነው እኔና የጎረቤታችን ልጅ ጫልቱ ብቻ ነን፤ እሷ እግሯን ዘርግታ እንቅልፍ ወስዷታል።

አዮ፣ እናቴ፣

ከተለየሽን አራት ክረምት አለፈ። የቤቱ ቆርቆሮ ተቀየረ፤ የጓሮው ጽድ አለ። በሰርጌ ቀን በእጄ ያስያዝሽኝ ቀጭን ዘንግ፣ ሲንቄው፣ እስከ ትናንት ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። ትናንት ይዤው ወጣሁ።

ጫልቱ የምታስተናግድበት ሆቴል ዘንድሮ ለሴቶች ቀን ደግሶ ነበር። የተላገ፣ ቀይ የተቀባ፣ የሆቴሉ ስም የተጻፈበት ዘንግ አሠርተው ሲንቄ ነው እያሉ ለመጣው ሁሉ አደሉ። በሩ ላይ «ለሲንቄ ንግሥቶች ልዩ ቅናሽ» ብለው ለጠፉ፤ ቅናሹ ለኬክና ለጥፍር ቀለም ነው። አስተናጋጆቹን «ሴት ኃይል ናት» የሚል ቲሸርት አለበሷቸው። የጫልቱ ሆድ ገፍቷልና ቲሸርቱ እምቢ አላት። ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ታበላሺብናለሽ ብሎ አስወጣት፤ በዚያው አትመለሺ አላት።

እኔ፣ እንደምታውቂው፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ፊደል የለቀምኩ ነኝ። ስለ ሴት መብት የተጻፈ ሳገኝ ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ይህ ግን ሌላ ነው፤ ዘንጉን ወስደው ጩኸቱን ተዉት። አንቺ ሲንቄ የምታነሺው የተበደለች ሴት ስትጮህ ነበር። አራስ ሚስቱን የደበደበው ሰውዬ ደጅ ስትቀመጡ፣ ያቦካሽው ሊጥ ኮምጥጦ እንደዋለ ትዝ ይለኛል። በግ ጎትቶ ይቅርታ እስኪለምን አልተነሳችሁም። ያኔ ንግሥት ያለሽ ሰው አልነበረም፤ የተጋደመ ሲንቄሽን የተሻገረ፣ ሲንቄ ይዘሽ መንገድሽን ያቋረጠም አልነበረም።

ትናንት ጠዋት ጫልቱ ነገሩን አውጥታ ነገረችን። ጓደኛሽ አዴ ሎሚ ወዲያው ወደ ደጅ ወጥተው ጮኹ። የሰማች ሁሉ መጣች። ሲንቄ የሌላቸው ያንኑ ቀይ የስጦታ ዘንግ ይዘው መጡ፤ የሆቴሉን ስም ለሆቴሉ ተሸክመን ስንሄድ መንገድ ላይ ሳቃችን አልቆም ብሎ ነበር። የሰጠሽኝን ሲንቄ የሆቴሉ በር ደፍ ላይ አጋደምኩትና ተቀመጥን።

የሆቴሉ ባለቤት በትሕትና ወጣ። «እናቶቼ፣ ይሄ እኮ ለጌጥ ነው» አለን።

አዴ ሎሚ ቀና ብለው «ለጌጥ ከሆነ ተሻገረዋ» አሉት።

እግሩን አነሳ። ሲንቄውን አየና መልሶ አስቀመጠው። እሱንም የወለደችው የዚህ አገር ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ጫልቱን በስሟ ጠርቶ፣ ሁላችን ፊት ይቅርታ ጠየቃት፤ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ስትወልድም ቦታዋ እንዲጠብቃት ቃል ገባ።

ኮራሁ፣ አዮ። በራሴ ብቻ አይደለም፤ እጄን ስዘረጋ ዘንጉ የት እንዳለ እንዳውቅ አድርገሽ ስላሳደግሽኝ ነው። ስምሽን በጸሎት አነሳለሁ፤ ይበልጥ የማስታውስሽ ግን ሴት ስትጮህ በመነሳት ነው።

መጋቢት 4፣ ጠዋት። ጉሙ ተገፍፏል። ሲንቄውን ቅቤ ቀባሁት። ጫልቱን እስከ ሆቴሉ ሸኘኋት፤ ዘበኛው እጄ ላይ ያለውን አይቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። ተመልሼ ከበሩ ጀርባ፣ አንቺ ያንቺን ታቆሚበት በነበረው ቦታ፣ አቆምኩት። ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም።