የቮልሷ ፕላስቲክና ነጩ ጨርቅ

ሰኞ፣ ጥቅ. 3፣ ጠዋት

የግራ በር የመስታወት ማዞሪያ ተፈታ። ብሎኑ ዝጎ ነበር። ዘይት ጠብ አድርጌ ጠበቅሁት፣ ወጣ። በእጅ የሚያዘው ፕላስቲኩ ጥቁር ሆኗል። ድሮ የወተት ቀለም ነበረው።

ልጄ ምሕረት ትናንት ከአረካ መጥታ ነበር። ሠርጓ ኅዳር 7 ነው። ከቤት የምትወጪው በቮልሷ ነው አልኳት። እናትሽም ነፍሷን ይማርና ይህንኑ ነበር የምትለው አልኳት። ገብታ ተቀመጠች። ዳሽቦርዱን በጣቷ ነካችና ጣቷን አሳየችኝ። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ። አባባ፣ ቬሎው የሰው ነው፣ ምን ብዬ እመልሳለሁ አለች። ሙሽራው ደግሞ ነጭ መኪና ተከራይቷል።

ከዚያ ፈረደች። ቅዳሜ ጥቅ. 22 ትመጣለች። እጇ የሚደርስበትን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ትጠርጋለች። ጨርቁ ነጭ ከሆነ በእኔ መኪና፣ ካልሆነ በእሱ።

እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ አንተ ምስክር ነህ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 5

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ብረት በቤንዚን ነው የሚታጠበው። ማንም አይነግረኝም። የማዞሪያዋን ፕላስቲክ በቤንዚን አሸሁት። ጥቁሩ ወዲያው ለቀቀ። ለብቻዬ ፎከርኩ። ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት፣ ምሳ በላሁ።

ስመለስ እንደ ኖራ ነጥቷል። በጥፍሬ ነካሁት። ለሁለት ተሰበረ።

ከሰዓት ስብርባሪውን ይዤ ስፔር ሻጩ ዘንድ። በሁለት ጣቱ አነሳው። ጋሽ ዳና፣ ይሄን ሙዚየም ይጠይቁ አለኝ። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከወጣሁ በኋላ ነው የተናደድኩት።

ዓርብ፣ ጥቅ. 7

ምሕረት ደወለች። ማዞሪያው እንዴት ሆነ አለች። አርጅቶ በራሱ ተሰበረ አልኳት።

ዋሸሁ። እዚህ ግን አልዋሽም። የሰበረው ቤንዚን ነው። ቤንዚኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እትዬ አስካለች፣ ጎረቤቴ፣ በአጥር በኩል ስታየኝ ቆይታለች። እንዶድ አትሞክርም ወይ አለች። እንዶድ የነጠላ ነው፣ መኪና ነው የማጥበው አልኳት። የእናቴ ነጠላ ከመኪናህ በዕድሜ ይበልጣል፣ እስከ ዛሬ አልተቀደደብኝም አለች። እንዶድ ግን አልለመንኳትም።

ሰኞ፣ ጥቅ. 10፣ ከቀኑ 9 ሰ.

እንዶድ ገዛሁ። እትዬ አስካለች ከማትሄድበት ከላይኛው የገበያ ተራ። ጓሮ ገብቼ ወቀጥኩ። አቧራው አፍንጫዬ ገባ፣ ሰባት ጊዜ አስነጠሰኝ። ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ። ይማርህ ጋሽ ዳና፣ ስታበቃ በጨርቅ አጥልለው፣ ፍሬው ይጭርብሃል።

አጠለልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12

አሠራሩን እጽፋለሁ፣ እንዳልረሳው። ውሃው ለብ ያለ። አረፋው ብቻ፣ ውሃው አይነካም። ስንጥር ላይ ጥጥ ይጠቀለላል። አይጫኑም፣ ያንከባልላሉ። ጥጡ ሲጠቁር ይጣላል፣ ሌላ ይጠቀለላል። ማድረቅ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ጠላት ነው።

ዛሬ የመብራት ማብሪያዋ ብቻ። አውራ ጣቴን የምታህል ናት። ሙሉ ቀን።

እጄ ወፍራም ነው። የምሕረት እናት አልማዝ ፊደል ስታስተምረኝ እርሳስ እሰብር ነበር። እጅህን አላላው፣ ብሎን አይደለም የምታጠብቀው ትለኝ ነበር። ያኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ስሜን መጻፍ አልችልም። ዛሬ ራሴን አላላው አልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅ. 17

መሪው አለቀ። ሦስት ቀን ፈጀ። አንድ ስንጥቅ ነበረበት፣ አልጨመረም። የወተት ቀለም ወጣ። የጥሩንባው መጫኛ፣ የበሩ መክፈቻ፣ የዳሽቦርዱ ጠርዝ፣ አለቁ። የኋላ መብራቱ ቀይ ሽፋን ውስጡ ሸረሪት አድርቶበት ነበር። እሱም አለቀ።

ወገቤ ይጮኻል። ይጩህ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 20

አንድ ቀረ። ከተሳፋሪ ፊት ያለው መያዣ። የአልማዝ።

የቤሌን ቁልቁለት ስንወርድ በሁለት እጇ ትይዘው ነበር። ቀስ በል ትላለች። እኔ ቀስ አልልም። ሾፌር ነኝ እላታለሁ።

ጣቶቿ የያዙበት ቦታ ላይ ጥቁር አለ፣ ስምንት ቦታ። ከሥሩ ስንጥቅ። ጥጡን ጠቀለልኩ፣ ጣልኩት። እንደገና ጠቀለልኩ። ዛሬ አልሠራሁም። ለምሕረት ይሄን አትንኪ እላታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 21፣ ማለዳ

አይሆንም። ምሕረት ካልያዘችው በሠርጓ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ምን ትይዛለች?

ደግሞ አልማዝን አውቃታለሁ። የልብሴን አንገት ገልብጣ የምታይ ሴት ናት። የእጄ ምልክት ነው ብለህ እድፍ አስቀመጥክ ወይ ብላ ትሰድበኛለች። ይታጠባል።

ከቀኑ 11 ሰ.

ታጠበ። ስንጥቁ ያው ነው። ጥቁሩ ሄደ። ሥሩ ፕላስቲኩ ከመያዝ ብዛት ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል፣ ስምንት ቦታ። እሱን እንዶድ አያወጣውም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 22

ምሕረት መጣች። እውነትም ነጭ ጨርቅ ይዛለች፣ ልጅቷ አትቀልድም። መሪውን ጠረገች፣ ነጭ። በሩን ጠረገች፣ ነጭ። ዳሽቦርዱን ሁለት ጊዜ። እኔ ውጭ ቆሜ ሰማይ አያለሁ።

መያዣው ጋ ስትደርስ ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አልጠረገችውም። በሁለት እጇ ያዘችው። ጣቶቿን ስምንቱ ጎድጓዳ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ ለሙሽራው ደወለች። ነጩን መኪና ለሚዜዎቹ አድርገው፣ አንተ ከኋላ ጉልበትህን አጥፈህ ትቀመጣለህ አለችው። ቁመቱ ረጅም ነው። ይታጠፍ።

ማዞሪያውን የሰበርኩት እኔ ነኝ አልኳት። በቤንዚን። አውቃለሁ፣ እትዬ አስካለች የዚያኑ ቀን ነግራኛለች አለች።

ሰኞ ለማዞሪያው የወይራ እንጨት እቀርጻለሁ፣ በሩ ላይ ባዶ ብረት አይቀርም። ለእትዬ አስካለች የጥሪ ካርዱን ራሴ እወስዳለሁ።

ከቤታችን እስከ ቤ/ክ ቁልቁለት ነው። ኅዳር 7 ቀስ እላለሁ።