ለመርዶ የሚሆን መሮጫ

ሰኞ ጥቅ. 9 ቀን 57 ዓ.ም.፣ ስቶክሆልም

ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ከግርማ ጋር ሃጋ ፓርክ ሮጠን መመለሳችን ነው። ለሩጫ ግሩም ቦታ፤ ሣሩ ለስላሳ፣ ዳገቱ ቀላል። ለመርዶ ግን አይሆንም። በየመታጠፊያው ውሻ የሚያናፍሱ አሮጊቶች አሉ። ግርማ እሪ ብሎ ቢወድቅ ፖሊስ ይጠራሉ።

የወንድሙ ደብዳቤ ከደረሰኝ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። እናታቸው ዐርፈዋል። ፈተናውን እስኪጨርስ ደብቀህ በወጉ አርዳልን ይላል። በወጉ ማለት በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ደግፎት። ማስታወሻዬ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ፣ እዚህ አገር ዘመድ ከየት ላምጣ?

ሐሙስ ጥቅ. 12

ዛሬ ኖር ሜላሽትራንድ፣ የውኃውን ዳር ይዘን። ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ግን ፊት ይልጣል። ከላይ መስኮት በመስኮት። ይኼም አይሆንም።

ግርማ እየሮጠ ያፏጫል። ለእናቱ ሹራብ ሊልክ ነው፤ ግራጫ ይሻላል ቡኒ ብሎ አማከረኝ። ግራጫ አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ቅዳሜ ጥቅ. 14፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ፈተናው አለቀ። ግርማ አቅፎ አሽከረከረኝ። ከእንግዲህ ሰበብ የለኝም።

አቶ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። እዚህ ካለነው ሐበሾች በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው፤ ሕክምና መማር ከጀመሩ ስምንት ዓመታቸው። እርስዎ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። መርዶ አንድ ሰው አይናገርም፣ ሰው ጨምር አሉኝ። አብሮኝ የሚማረውን ዮሐንስን ጨመርኩ። ሦስት ሆንን። ያለነው ይኼው ነው።

ሰኞ ጥቅ. 16

ጠዋት ብቻዬን ሊልያንስ ጫካ ገብቼ አየሁት። መንገዱ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሷል፤ ጉልበት አይጎዳም። ቤት የለ፣ መስኮት የለ። መሀል ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ማንም አይሰማው። ቦታው ተገኘ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቁጭ ብዬ እኔው አለቀስኩ።

ነገ ነው። ግርማ እንዳይጠረጥር፣ አቶ ወልዴና ዮሐንስ የሩጫ ልብስ ለብሰው ወንበሩ ጋ ይጠብቁናል።

ማክሰኞ ጥቅ. 17፣ ከጠዋቱ 12፡30

እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም። አሁን ነው የገባኝ፣ ዘዴያችን የጅል ዘዴ ነው። አቶ ወልዴ በዕድሜያቸው ሮጠው አያውቁም። እሳቸውን በቁምጣ፣ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ማለዳ? ግርማ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ያውቃል። ሐበሻ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስቦ ሰው የሚጠብቀው ለምን እንደሆነ ያደገበት ነው። አፋችንን ሳንከፍት ይወድቃል።

ልመልሳቸው ብል ጊዜ የለም፤ ወጥተዋል። እኔ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንበሩ ከመታየቱ በፊት ክንዱን መያዝ። ለምን ያዝከኝ ካለኝም አልዋሸውም።

በሩን እያንኳኳ ነው። ዛሬ ምን ነካህ፣ ቶሎ በል ይላል። እየሳቀ ነው። ጫማዬን ላስር