የማን እንደሆነ ያልታወቀ ገጽ

ጥቅምት 9
የቀልድ ዓምዴን ለመጽሔቱ አስገባሁ። የዚህ ሳምንት ተረኛ የመሥሪያ ቤታችን ሊፍት ነው። አዘጋጁ ሳያነብ "ግሩም ነው" አለኝ። ሳያነቡ ማድነቅ... ይህም ሙያ ነው፤ ደመወዝ ይከፈልበታል።

ምሳ ሰዓት ላይ ፋርማሲስቷ ደወለች። የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ናት።

"ጀርባው ታመዋል።"

"እኔንስ ወገቤን መች ተወኝ?"

"አንተ ደግሞ። የድርሰት መምህራችንን ነው የምልህ። ዓይናቸውም ጠፍቷል።"

ሳቅኩ። ምን ያስቃል? ልማድ።

ጥቅምት 11
"ጀርባው" ያልናቸው እኛው ነን። ድርሰት የምንጽፈው ስማችንን ሳናሰፍር፣ ያውም የእጅ ጽሑፋችን እንዳይለይ በግራ እጃችን ነበር። ግራኙ ልጅ በቀኙ። ከዚያ ጋሼ ማን እንደሚቀላ እንዳያዩ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ወደ መስኮቱ ዞረው ያነቡታል። እኛም እሳቸውም የማን እንደሆነ እንገምታለን። ከታወቀብህ ትነሣለህ። ካልታወቀብህ ትንፍሽ አትልም፤ ካልክ ዜሮ ነው፤ ወረቀትህ መሳቢያ ይገባል።

"ሰው ደጅ ቆሞ ሲያስል እንኳ ማን እንደሆነ ይለያል። ጽሑፋችሁ እንደዚያ እስኪሆን ጻፉ" ይሉ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የሞተ ሰሞን፣ መሞቱን ክፍል ውስጥ ለማንም ሳልናገር፣ ስለ እናቴ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አነበቡት። አንዱ ወደ ፋርማሲስቷ ጠቆመ፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች። በቃ። መሳቢያ ገባ።

በሳምንቱ ስለ ርዕሰ መምህሩ ኮፍያ ጻፍኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ክፍሉ በሙሉ እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ። ስሜ "ኮፍያው" ሆነ።

ይኸው እስከ ዛሬ እንደቆምኩ ነኝ።

ጥቅምት 14
ከፋርማሲስቷ ጋር ቤታቸው ሄድን። አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነው። የት ሊሆን ኖሯል?

"ኮፍያው መጣ?" አሉ፣ ገና ጫማዬን ስጠርግ።

"መጣሁ፣ ጋሼ።"

"አሁንም ታስቃለህ አሉ።"

"ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ሆነ።"

ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ባለቤታቸው እትዬ ገላመጡኝ። ጋሼን ሬዲዮው ሰልችቷቸዋል አሉኝ፤ የድሮ ተማሪዎች አንዳንድ ገጽ ቢጽፉላቸው እትዬ ያነቡላቸዋል፣ እሳቸው እንደ ድሮው ይገምታሉ። ስማችንን ሳንጽፍ በፋርማሲስቷ በር ሥር እንድንከት ተስማማን።

አንድ ነገር ተመኘሁ። ሳላስቅ እንዲያውቁኝ። አንዴ ብቻ።

ጥቅምት 20
ጻፍኩ ልበል? የመጀመሪያው መስመር ሳላስበው ቀልድ ሆነ። ቀደድኩት። ሁለተኛውም። እጄ ለምዷል፤ የሐዘን ደብዳቤ ቢያዙት እንኳ በሟቹ ያሾፋል።

መጨረሻ ላይ ያንኑ የድሮውን መልሼ ጻፍኩት። ወንድሜ ከሞተ በኋላ እናቴ እሁድ ከሰዓት የሁለታችንንም ጫማ ትወለውል ነበር። መጀመሪያ የሱን። ሰኞ ጠዋት የኔን አጥልቄ ስወጣ የሱ በሩ ሥር እያብለጨለጨ ይቀራል። ማንም አያነሣውም። ማንም ምንም አይልም። በሚቀጥለው እሁድ ምንም ያልነካውን ጫማ እንደገና ትወለውለዋለች።

ይኸው ነው። ሁለት ቦታ ላይ ቀልድ ሾልኮ ገብቶ ነበር። አስወጣሁት።

ጥቅምት 23
እትዬ አነበቡት። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዓይን በሌለበት ማንን ላለማየት ነው? እንጃ... ልማድ የኔ ብቻ አይደለም።

እኔ ጥግ ተቀምጬ ቀላሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

በመጨረሻ ጋሼ፣ "የሷ ነው። የፋርማሲስቷ።"

ራሷን ነቀነቀች። እንደማያዩዋት ትዝ ሲላት "አይደለም፣ ጋሼ" አለች። ወደ እኔ አየች፤ ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩ።

መንገድ ላይ ወረደችብኝ። "አንተ ነህ አይደል? ለምን አትነግራቸውም?"

"ካልታወቀብህ አትናገርም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ፀጉርህ ሸብቷል እኮ። ማን ዜሮ እንዳይሰጥህ ነው?"

ታክሲ አስቆምኩላት።

ጥቅምት 28
ስለ ሊፍቱ የጻፍኩትን ላክሁላቸው። እትዬ ደወሉ፦ "ገና ከአፌ ሳይወጣ 'ኮፍያው ነው' አለ። እንዴት እንደሳቀ ብታይ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር 2
ጋሼ አረፉ።

ኅዳር 4
ቀብር። አንድ ባለሥልጣን ረጅም ንግግር አነበበ፤ "ስመ ጥሩ የሒሳብ መምህር" አላቸው። ማንም አላረመውም። ጋሼ ቢሰሙት "ይሄ የማንም አይደለም" ብለው መሳቢያ ይከቱት ነበር።

ቤት ስንመለስ ሳህን ለማቀበል ማድ ቤት ገባሁ። እትዬ ብቻቸውን ነበሩ።

"ያንን የጫማውን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩለት" አሉኝ። "በመጨረሻ 'ተሳስቻለሁ፣ የሷ አይደለም' አለ። 'ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ። ድሮ አንዴ ጽፎልኝ ማንም ሳያውቀው ቀረ። ሌላ ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ ኮፍያው መጣና ክፍሉን አሳቀው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ለማሳቅ ሲታገል ያ ልጅ በዚያው ጠፋ። ምን ሆኖ ይሆን?' አለ።"

ሳህኖቹን ይዤ ቆምኩ።

"የማን ልጅ ይሆን? አንተ ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

"እንጃ፣ እትዬ። ኮፍያው ሳያባርረው አልቀረም።"

ሊስቁ ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። እኔም።

ኅዳር 9
ለዓምዴ የጫማውን ገጽ ላክሁ። ስሜን ሳልጽፍ።

አዘጋጁ ደወለ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንሠራ አንብቦ ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነው።

"አንድ ወረቀት ባንተ ቦታ ገብቷል። ሁለቴ አነበብኩት፣ የሚያስቅ ነገር የለውም። የማን ነው?"

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አልገመተም። እኔም ሳይታወቅብኝ ተነሣሁ።

"የኔ ነው" አልኩት።