«ደህና ነኝ» ላልሽው ቃል

ሙሉዬ፣ የልጆቼ እናት፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን በወጉ አወጣን፤ ዘመድ ከማጂ ድረስ መጣ። ሱቁን ወደ መናኸሪያው አዛወርኩት፤ በሕይወት ሳለሽ ስትጨቀጭቂኝ ኖረሽ እምቢ ያልኩትን። ታናሿ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ቴፒ ደርሷት ሄዳለች። ደህና ነን። ይህችን ቃል ግን ጽፌ ሳልጨርስ ልሰርዛት ቃጣኝ። ደህና አይደለንም። ተናድጄብሻለሁ።

የሞተ ሰው አይወቀስም ይላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ሳንነታረክ የዋልንበት ቀን ስለሌለ፣ እኔ ዛሬም አልተውሽም።

ጉልበትሽ የቆየ በሽታ ነበረው። በልጅነትሽ ከሸዋ ቤንች ዝንጅብል ተሸክመሽ ገበያ ስትመላለሺ የጨረስሽው ጉልበት ነው፤ መገጣጠሚያው ተበልቷል ብለውን ነበር። በኋላ ጡትሽ ላይ የካንሰር እብጠት ተገኘና በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ሆርሞን የሚቀንሰውን ኪኒን በየቀኑ ለአምስት ዓመት ዋጪ ተባልሽ። ከጀመርሽው ሁለት ወር ሳይሞላ ጠዋት ጠዋት ጣቶችሽ አልታጠፍ አሉ። የሹራብሽን ቁልፍ የምቆልፍልሽ እኔ ሆንኩ። ከአልጋ ስትወርጂ ግድግዳ ትይዢ ነበር።

እንዲህ ሆነሽ ለክትትል ሄድን። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ጉልበትሽን በሁለት እጅሽ ጨብጠሽ ከንፈርሽን ስትነክሺ ዋልሽ። ሐኪሟ ወጣት ልጅ ነበረች። ካርድሽን ገልጣ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አለችሽ። አንቺም በር ላይ እንዳገኘሻት ጎረቤት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ አንቺስ ልጄ? ቤተሰብ ደህና?» አልሻት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ደህና መሆንሽን ጻፈች። በቃ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድነው ለዚያ አንድ ጥያቄ ነበር፤ አንቺ ግን ሰላምታ አደረግሽው። ሐኪም ፊት አመመኝ ማለት ፈጣሪን ማማረር ይመስለናል።

እኔስ? አጠገብሽ ነበርኩ። በዚያው ጠዋት ቁልፍሽን የቆለፍኩ ሰውዬ፣ ባርኔጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። ሚስቱን ሰው ፊት ውሸታም አደረጋት እንዳልባል።

ከዚያ ለእኔ ሳትነግሪ ኪኒኑን ተውሽው። በሽታው ተመልሶ አጥንትሽ ውስጥ ሲገባ ነው ሳጥንሽን ከፍቼ፣ ከነጠላሽ ስር፣ ያልተነካውን እሽግ ያገኘሁት። ወስጄ ለሐኪሟ አሳየኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያ የመገጣጠሚያ ሕመም ኪኒኑን በሚወስዱ ብዙ ሴቶች ላይ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ብታውቅ ኖሮ በሌላ ዓይነት ትቀይርልሽ፣ ማስታገሻ ታዝልሽ፣ ለጉልበትሽም የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ ታሳይሽ ነበር። «ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

ምናልባት ኪኒኑን ብትጨርሺውም ላትተርፊ ትችዪ ነበር፤ እሱን ፈጣሪ ያውቃል። ነገር ግን ከጣቶችሽና ከሕይወትሽ አንዱን መምረጥ አልነበረብሽም። ብቻሽን መምረጥሽማ ጭራሽ አልነበረብሽም። የሚያናድደኝ ይኸ ነው።

እድርተኛው ስምሽን ሲያነሳ «ታጋሽ ነበረች፤ አንድ ቀን እህ ሳትል ሄደች» ይላል። ልጆቻችን ይህን እንደ ሙገሳ እየሰሙ ነው። ባለፈው ሳምንት ታላቋ ወገቧን ይዛ ምንም አልሆንኩም ስትለኝ ጮኽኩባት። ደንግጣ አለቀሰች። እንባዋን ሳይ እኔም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በማግስቱ ግን ራሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት።

እስክሞት አልረሳሽም፣ ሙሉዬ። ግን እነሱ እንደሚያስታውሱሽ አላስታውስሽም። ልጆችሽ ስላንቺ ሲጠይቁኝ ታጋሽ ነበረች አልልም። አሟት ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር እላቸዋለሁ።