ርግብ የጠጣችው ውሃ

ውድ ወንድሜ ይሻው፣

ስደውል አታነሳም፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ሐሙሲት ሱቅህ ውስጥ፣ በጸረ ተባይ ጠርሙሶችህ መካከል ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቅዳሜ ከደብረ ታቦር ወጥቼ እናታችን ዘንድ ነበርኩ። ልጆች ሳለን ክረምት በገባ ቁጥር የምንጩ እንቁራሪቶች እንቅልፍ ይነሱን ነበር፤ አንተ ጆሮህን በጋቢ ትጠቀልል ነበር። ዘንድሮ ሐምሌ ተጋምሶ አንዲትም አልጮኸችም። ድንጋይ ገለበጥኩ፣ ሣር ገለጥኩ። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የሌላት ፍጡር ከደጃችን ጠፍታለች።

ጎረቤታችን ሙላቴ ድንቹን ረጭቶ ሲመለስ አየኝና ሳቀ።

«መምህር፣ ድንኳን ጥለን እንላቀስላት እንዴ?»

«መርጫህን የት ነው የምታጥበው?» አልኩት።

«ከምንጩ ራስ ነዋ! መድኃኒቱን የሸጠልን ይሻው አይደል? ርግብ እየጠጣው ምን ይሆናል ብሎናል።»

አላልኩም እንዳትለኝ። ለፋሲካ እኔው ፊት ብለኸው ሰውን ሁሉ አሳቅህብኝ። እንግዲህ ስማ። ርግብ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ትወርዳለች፣ ትጎነጫለች፣ ትበራለች። ብትታመም ሌላ ቦታ ወድቃ ትሞታለች፤ አንተ በማግስቱ የምታየው ሌላዋን ነው። ርግብ መቼም አትጎድልብህም። እንቁራሪት ግን እንቁላሏም ልጆቿም እዚያው ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ውሃውን የምትጠጣው በቆዳዋ ነው። መሄጃ የላትም።

እናታችንም የላትም።

እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሽሮ ስታቀርብልኝ ግማሹ ፈሰሰ። «እርጅና ነው» አለች። ከከተማ የወሰድኩላትን ውሃ ለጥጃዋ አጠጣችው።

«እማዬ፣ የምንጩን አትጠጪ» ብላት፣ «ክፉ ቢሆን ይሻው ይነግረኝ አልነበር? መድኃኒቱን የሚያውቀው እሱ» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የምታምነው አንተን ነው። በዚህ አልቀየምም። መታመንህን ለአንድ ቀን ለበጎ እንድታውለው ብቻ ነው የምፈልገው።

ና። ፊቷ ቆመህ «አትጠጪው» በላት። ለሙላቴም ያንኑ ንገረው። ሽያጭህ ይቀንስ ይሆናል፤ ይቀንስ።

እስከ እሑድ ካልመጣህ የምንጩን መቅጃ በድንጋይና በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ። መንደሩ ይሰድበኛል፣ እሷም ትረግመኛለች። ትርገመኝ። ለመራገምም በሕይወት መኖር ያስፈልጋል።

ታላቅ ወንድምህ፣
ሀብተማርያም