በሦስት ፎቅ ስለተከፋፈለችው ግራ ጡቴ

ለተከበሩ ዶክተር ክሪሳንቶ ማላባናን፣
የከተማችን የሳን ቴሌስፎሮ ሆስፒታል ዋና ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ማቀዝቀዣ አንድም ቀን ሳይቋረጥ ይሰንብትልኝ እያልኩ፣ እኔ ልብስ ሰፊዋ ፐርፔቱዋ ካቲግባክ፣ ግራ ጡቴ ላይ ካንሰር የተገኘብኝ ታካሚዎ፣ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ለአንዲት ጡት ሦስት ፎቅ ስላስጎበኙልኝ አመሰግናለሁ። ምድር ላይ ያለው ራጅ አቁሞ ጨፍልቆኝ ዕጢዋ ሁለት ሳንቲ ሜትር ናት አለ። አንደኛ ፎቅ ያለው አልትራሳውንድ በጀርባዬ አስተኝቶ አንድ ተኩል ናት አለ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ኤም አር አይ ደግሞ በሆዴ ደፍቶኝ፣ ከጎኗ ሌላ ትንሽ ነጥብ መረቀልኝ።

2ኛ. የሦስቱን ፎቆች ፊልም የሚያነቡት ሦስት ሐኪሞች አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ የአንድ ታካሚ ፊልም አብረው አይተው እንደማያውቁ ሰማሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለካ ፎቅ በሌለበት አገር ነው።

3ኛ. ቀዶ ሐኪሙ ቀድሞ የደረሳቸውን የራጅ ውጤት ብቻ ይዘው አንዷን ዕጢ ሊያወጡ ቀን ቆረጡልኝ። ስለ ሁለተኛዋ ነጥብ ብጠይቅ መዝገብ ቤቱ “እማማ፣ እሱ የላይኛው ፎቅ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጋ ምን አመጣዎት?” አለኝ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ጨርቅ በአንድ ልኬት ቆርጬ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

ስለዚህ ልደቴን በካፊቴሪያዎ አከበርኩ። ዕድሜ ያረዝማል የምንለውን ፓንሲት፣ ያንን ረጃጅም ኑድል፣ በትሪ ሙሉ አቅርቤ ሦስቱንም የፊልም ሐኪሞች ጠራሁ፤ ፊልሙን ያልያዘ ግን ሳህን አያገኝም አልኩ። የልደት ፓንሲት እምቢ ማለት የባለልደቷን ዕድሜ ማሳጠር ስለሆነ ማንም አልቀረም። ፊልሞቹ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ተለጠፉ። የራጁ ሐኪም ሹካቸውን አስቀምጠው “እማማ ፐርፔቱዋ፣ ይቺ ነጥብ እኮ እኔም ጋ አለች። ጥላ መስላኝ ነው ያለፍኳት” አሉ። የአልትራሳውንዷ ሐኪም አፋቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ይዘውኝ ወጡ፤ ፈልገው አገኟት፤ ናሙናዋም ካንሰር ሆነ።

ዕቅዱ ተቀየረ፤ ሁለቱም ወጡ፤ ጡቴም አብራኝ አለች። ስፌቱን በሙያዬ መርምሬ አሳልፌዋለሁ። ስስቅ ይስበኛል፤ ግን ከሳምንት ወዲህ መሳቅ አላቆምኩም።

በሦስት ፊልምና በአንድ ትሪ ዕድሜዋ የተራዘመላት፣
አክባሪዎ ፐርፔቱዋ ካቲግባክ

የረሳሁት፦ ከእኔ ቀጥላ ወረፋ የያዘችው ዓሣ ሻጯ ኤርሊንዳም ሦስት ውጤት በሦስት ፎቅ አላት። ልደቷ ግን ከወራት በኋላ፣ የገና ሰሞን ነው። ቀዶ ጥገናዋ የፊታችን ሐሙስ ነው።