የሐምዱ እጅ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ጉም። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ መንገድ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት አልታየኝም። መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ቻርጀር... ሌላ ሥራ የለም። ሱሉልታ በክረምት እንዲህ ናት።

ከሰዓት ኦቦ ደገፋ መጡ፤ ወደ ጫንጮ መሄጃ ላይ ገብስ የሚያርሱት ሽማግሌ። የልጃቸውን ኮምፒውተር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው።

"አካም ኦልቴ፣ ኢንታላ ኮ?"

"ፈያ። አንቱስ ደህና ዋሉ?"

"አይነሳም። ሳይበላሽም በፊት ሄመንን ይነዝራት ነበር። ልጄን እንዳይገድልብኝ ፈራሁ።"

ፓወር ሰፕላዩ፣ መብራት የሚያስገባለት የብረት ሳጥን፣ እንደሆነ ሳልከፍተውም ገባኝ። የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ነገ አየዋለሁ አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ከፈትኩት።

ፊውዙ ተቃጥሏል፤ አንዱ ካፓሲተር አናቱ አብጦ ፈንድቷል። ይሄ የተለመደ ነው። ሌላው ግን... ከዚህ በፊት ተጠግኗል። ሽቦዎቹ በጥቁር የጫማ ክር ታስረዋል። ድርብ ቋጠሮ፣ ጫፉ በእሳት የተለበለበ። ብየዳው አጠገብ አንድ ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም፣ እንደ ማኅተም።

ይሄን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ! ሐምዱ ነው። አዲስ አበባ፣ ሱቁ ውስጥ መበየጃ ያስያዘኝ ሐምዱ። የፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠላ ነበር፤ "ሲሞቅ ይሰባበራል፣ ክር ግን ይታገሣል" ይላል።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ከቃጠሎው ሥር... ቅርንፉድ። ሐምዱ ከአፉ ቅርንፉድ አይጠፋም ነበር።

ድሮ የሠራው ይሆናላ! ምን ያስደነግጠኛል?

ለኦቦ ደገፋ ደወልኩ። "መቼ ነው የተጠገነው?"

"አሁን፣ ሰኔ ሲገባ። ጫንጮ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥቼ።"

ሐምዱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ዘግቼ ወጣሁ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

አልነካሁትም። ጨርቅ አለበስኩት። ጨርቁንም ደጋግሜ አየሁት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ዛሬ እንደ ምንም ብዬ ቀጠልኩ። ካፓሲተሩን ቀየርኩ። ፊውዙን ቀየርኩ። ከዚያ ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ አየሁ፤ የመሬቱን፣ ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደውን። ከብረት ሳጥኑ ጋር በብሎን መታሰር ነበረበት። ጫፉ ተልጦ፣ ተጠምዝዞ፣ ተዘጋጅቶ... ተንጠልጥሏል። ልጅቷን የነዘራት ለዚህ ነው።

ሐምዱ ሁሉን ሊረሳ ይችላል፤ ይሄን አይረሳም። እኔ የዘጋሁትን እንደገና ከፍቶ እሱን ሽቦ በጣቱ ይጎትት ነበር። "ይሄ ከላላ ሰው ይገድላል።"

ታዲያ ሥራው የሱ ከሆነ፣ ስህተቱ የማን ነው? እዚያ ያለ ሰው... ይረሳል?

ምን እያልኩ ነው?

አንድ ነገር ግን እውነት ነው። እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው የኦቦ ደገፋ ቤት ብቻ አይሆንም። አንዱ በእርጥብ እጁ ይነካዋል። ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ጫንጮ ሄድኩ። ዝናብ፣ ጭቃ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሰልማን ነው፤ ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ።

"ፓወር ሰፕላይ ማን ነው የሚሠራልህ?"

"ሐምዱ።"

"የቱ ሐምዱ?"

"ሐምዱ ነዋ! ያመዋል፣ ከቤት አይወጣም። ሚስቱ ናት የምትወስደው የምታመጣው። ምነው፣ አበላሸ እንዴ?"

"አንተ አይተኸዋል?"

አሰበ። "ለነገሩ አላየሁትም። ሲያስል ግን ሰምቼዋለሁ።"

ቤቱን አሳየኝ። ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። ልቆረቁር እጄን ሳነሳ ከውስጥ ሳል ሰማሁ። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። የሱ ሳል። ያ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ከመንገድ የምሰማው...

ጀርባዬን ሰጥቼ ሮጥኩ። እንዴት ሚኒባስ ውስጥ እንደገባሁ አላውቅም። ረዳቱ "እህቴ፣ አሞሻል?" ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ተመልሼ ሄድኩ። በጠዋት፣ ሰው መንገድ ላይ ሲበዛ። ቆረቆርኩ። ሳሉ መጣ። አልሸሸሁም።

በሩን የከፈተችው ሮዛ ናት። የሐምዱ ሚስት። መጨረሻ ያየኋት ለቅሶው ላይ ነው፤ ከዚያ ዘመዶቿ ጋ ወልቂጤ ሄደች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ከስታለች። እኔን ስታይ በሩን ልትዘጋው ነበር... ከዚያ ተወችው።

"ዕድላዊት... ግቢ።"

አንድ ክፍል። መስኮቱ ሥር የሱ ጠረጴዛ። ሁለት ወንበር፣ አንዱ ላይ የሱ ጃኬት። የክሩ ጥቅል በቅርንፉድ ቆርቆሮው ውስጥ።

"የት አለ?" አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!

"የት ይሆናል፣ ዕድላዊት? ኮልፌ ነው ያለው፣ የተቀበረበት።"

"ሳሉስ?"

አቀረቀረች። "እኔ ነኝ። ሰው በር ላይ ሲቆም እንደሱ እስላለሁ፤ ወንድ የሌለበት ቤት ነው እንዳይሉ። አሁን አሁን ሰው ሳይኖርም ያመልጠኛል።"

ከዚያ ነገረችኝ፤ ሴት ከሠራችው ማን ሥራ ይሰጣታል ብላ ነው በስሙ የምትሠራው። በመጨረሻው ዓመት የሐምዱ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለማንም አልተናገረም፤ ለኔም። ሥራውን ወደ ቤት ይወስድና እሷን ያስቀምጣታል። "'እዚህ ጋ፣ ትንሽ ከፍ፣ በቃ' ይለኛል። እኔ እጁ ነበርኩ። የጥፍር ቀለሙም ያው የኔው ነው። መዝጋቱን ግን አይሰጠኝም። 'እሱን ተይው፣ እኔ እዘጋዋለሁ።' ወደ ጓዳ ይሰደኛል።"

የመሬቱን ሽቦ የሚያስረው ሲዘጋ ነው። አይታው አታውቅም።

ሄመንን እንደነዘራት ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። "ልጅ ልገድል ነበር?" ደጋግማ። "በስሙ ልጅ ልገድል ነበር?" እጇን ያዝኩት። በረዶ ነው።

ቆይታ አንዱን ሥራ አሳየችኝ። ስትበይድ በቀኝ እጇ ነው። ክሩን ስታነሳ ግን ወደ ግራዋ አሻገረችው፤ ጣቶቿ ብቻቸውን የሚያውቁት ይመስል ቋጠሩት። ሐምዱ ግራኝ ነበር።

"ግራኝ ነሽ እንዴ?"

እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው። "አይደለሁም። ለክሩ ብቻ ነው። እኔ አላዘውም።"

እሁድ፣ ሐምሌ 20

ሮዛ ለሰልማን እውነቱን ነገረችው። "ያ የሚያስለውስ?" አላት።

ሳጥኖቹን እንዲመልሱ ደንበኞቹን እየጠራ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ሳጥኖቹ ሱቄ ተከምረዋል። ሁሉም ያው፤ ሽቦው ተልጦ ተንጠልጥሏል። ሮዛ በየቀኑ እየመጣች ከኔ ጋር ታስራለች። አሳየኋት። "ብሎኑን አጥብቂው፣ ከዚያ ጎትቺው።" በሱ ድምፅ እየተናገርኩ እንደሆነ ዘግይቶ ገባኝ።

የሄመንን ኦቦ ደገፋ ትናንት ወስደውላታል። ዛሬ ደወለች።

"እትዬ፣ ተነስቷል፣ በደንብ ይሠራል። ግን አሁንም ይነዝረኛል።"

በእጄ ነው ያሰርኩት! በተስተር ለክቼዋለሁ!

ሮዛ መበየጃውን አስቀመጠች። "አልወጣም ማለት ነው" አለች።

ማን? አልጠየቅኳትም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ቂል ነኝ። ሽቦው ሳጥኑን ከሶኬቱ ጋር ያገናኘዋል። ሶኬቱስ ከምን ጋር ተገናኝቷል? ኦቦ ደገፋን ጠየቅኳቸው። "ግቢው ውስጥ መሬት የተቀበረ ዘንግ አለ?" "የምን ዘንግ?"

የለም። ቤቱ ራሱ ከመሬት ጋር አልተገናኘም። ነገ እንሄዳለን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ጉሙ ቤቱን ውጦት ነበር፤ ውሻው ሲጮኽ ነው ያገኘነው። ሄመን ልጅ መስላኝ ነበር፣ ለአዲሱ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። እናቷ ኮምፒውተሩን በነጠላ ሸፍናዋለች። ከኔ ብሳ ነበር የፈራችው።

መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ። ከግድግዳው ጥግ የመዳብ ዘንጉን አቆምን። ኦቦ ደገፋ መዶሻውን ሊያነሱ ሲሉ ሮዛ "ለኔ ይስጡኝ" አለቻቸው። ሰጧት። መታች። ዝናብ የጠገበ አፈር ነው፣ ሳይከብዳት ገባ። ጫፉ ብቻ ሲቀር ከሶኬቱ የሳብኩትን ሽቦ አሰርኩበት። እሷ ተንበርክካ አፈሩን መለሰችበት፤ በመዳፏ ጠቀጠቀችው፤ ውሃ አፈሰሰችበት። ካበቃም በኋላ አልተነሳችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ኦቦ ደገፋ ስለ ሐምዱ የሚያውቁት ነገር የለም። ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ላፍቲ ሃ ፉዸቱ" አሉ ቀስ ብለው። "መሬት ይውሰደው።"

መብራቱን አበራሁ። ሄመን እጇን ዘረጋች። ነካችው... ሙሉ መዳፏን አሳረፈችበት።

"የለም" አለች። "ሄዷል።"

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሮዛ መስኮቱን እያየች፣ "እኛ ሴቶች ቀብር አንሄድም። ይዘውት ሲወጡ እኔ ቤት ነበርኩ" አለችኝ። "አፈር ሲለብስ አላየሁትም ነበር።"

ከዚያ ተኛች። ትከሻዬ ላይ፣ እስከ ሱሉልታ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሁለተኛ ጠረጴዛ ገባ። ሮዛ እዚሁ ትሠራለች፤ ለመጣው ሰው ሁሉ "እኔ ነኝ የሠራሁት" ትላለች። ድምጿ ገና ያንሳል።

ከሰዓት አንድ ፓወር ሰፕላይ ጨረሰች። ክሩን አነሳች። በቀኝ እጇ። ቋጠረች፤ ጠመመባት። ፈታችው። ወደ ግራዋ አሻግራ ሞከረች፤ ጣቶቿ ምንም አያውቁም። ክሩን ይዛ ጣቶቿን አየች። እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ወደ ቀኝዋ መለሰችው። ቀስ ብላ፣ እንደ ጀማሪ። ላላ ያለ፣ የማላውቀው ቋጠሮ ሆነ።

ያዘ።